የመጥረጊያ ተራ

መስከረም 28

ለአባዬ፣

እንዴት ከረማችሁ? ጉልበትህስ ተሻለው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። የተከራየኋት ክፍል ጠባብ ብትሆንም መስኮቷ ሰፊ ነው፤ ጠዋት ፀሐይዋ ማንም ሳይጋብዛት ገብታ ትቀሰቅሰኛለች። ለደብዳቤህ ቶሎ ባለመመለሴ እንዳትቆጣኝ። ትምህርት ሲጀመር መምህር ራሷን የምታክበት ጊዜ እንኳ የላትም። ስልክ ልደውል ብል ደግሞ የትምህርት ቤቱ ስልክ ያለው ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እሱ እያዳመጠኝ ምኑን አወራለሁ?

ለጎረቤቶቻችን ምን እንደምትመልስላቸው ለጠየቅከኝ፣ እውነቱን ንገራቸው። እንደ ድሮው ታሪክ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ግን ዐርብ ዐርብ ከሰዓት “የፆታ እኩልነት” የሚባል ክፍለ ጊዜ ተጨምሮልኛል። ተጨምሮልኛል ልበል እንጂ ተጥሎብኛል ማለት ይቀላል፤ ሁሉም ሲሸሸው የኖረ ነው። ከእኔ በፊት የያዘው መምህር ተማሪዎቹን “ዝም ብላችሁ አንብቡ” እያለ የፈተና ወረቀት ሲያርምበት ከርሟል አሉ።

የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ “ፌሚኒዝም” ብዬ ስጽፍ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ጓደኞቹ “ጠበቃው” የሚሉት አንድ ልጅ አለ፤ ለግማሽ ነጥብ ሳይቀር ስለሚከራከር ነው። እጁን አወጣ።

“መምህር፣ ይሄ ወንዶችን መጥላት ነው አይደል?”

“አይደለም። ሴት ሰው ናት፣ ስለዚህ ለሰው የሚገባው ሁሉ ይገባታል ማለት ነው” አልኩት።

“እሱንማ ማን ካደ?”

ደስ አለኝ። “እንግዲያው ማንም አለመካዱን እንይ” ብዬ፣ ከመውጫው ደወል በኋላ ወደ ቤት እስክትሄዱ የምትሠሩትን ጻፉ አልኳቸው። ወንዶቹ ኳስ ጻፉ፣ ቼዝ ጻፉ፣ ኮምፒውተር ክፍል ጻፉ። የሴቶቹ ወረቀት ግን አንዱ ከሌላው የተገለበጠ ነበር የሚመስለው፤ “ክፍል እንጠርጋለን።”

አባዬ፣ በዚህ ትምህርት ቤት ክፍል የሚጠርጉት ሴቶች ብቻ ናቸው። ደንብ ሆኖ አልወጣም፣ ያዘዘም ሰው የለም። ብቻ ደወሉ ሲጮህ ወንዶቹ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ይወጣሉ፣ ሴቶቹ ወንበር ይገለብጣሉ። ኮምፒውተር ክፍሉ የሚከፈተው ደግሞ በዚያችው ሰዓት ነው። ልጆቹ ጠርገው፣ አቧራቸውን አራግፈው ሲደርሱ ኃላፊው በሩን እየቆለፈ ያገኙታል።

ወረቀቶቹን ጮክ ብዬ ሳነብ ጠበቃው “ድሮም እንደዚሁ ነው እኮ” አለ። የክርክር ድምፁ ግን አልነበረም።

ስለ እማዬ አንድም ቃል አልጻፍክልኝም። ስፌቱ እንዴት ይዟታል?

ልጅህ


ጥቅምት 10

ለልጄ፣ ለመምህርቷ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ አሁንም ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ይነግረኛል፤ ሌላ ጥፋት የለበትም። እናትሽም ደህና ናት። ስፌቱን ለጊዜው አቁማለች፣ ሰው እኮ ዕረፍትም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ስለሷ አታስቢ።

ደብዳቤሽን ዳማ ቤት ይዤው ሄጄ እንደኔው ጡረታ ለወጡት ሹፌሮች አነበብኩላቸው። እንደማትቆጪኝ ተስፋ አደርጋለሁ። “ፍሬኑ” ትዝ ይልሻል? ሰው ሐሳብ ባመጣ ቁጥር የሚያቆመው ሰውዬ። “ልጅህ በመጥረጊያ ጦርነት አወጀች በለኛ” አለኝ። “አንተ ስትነዳው የኖርከውን አውቶቡስ ማታ ማታ ማን ይጠርገው ነበር?” ብዬ ጠየቅኩት። ጠራጊዎቹ ሴቶች እንደነበሩ ያውቃል፤ የአንዷንም ስም ግን ማስታወስ አልቻለም። እኔም አልቻልኩም። ዳማውን ሳንጨርስ ተነሣን።

ሥራሽን ውደጂው፤ ነገር ግን ርዕሰ መምህሩን አታስቀይሚው። ኩርባ ላይ ማርሽ መቀነስ ፍርሃት አይደለም። የአባት ምክር ነው፣ ከፈለግሽ ተይው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ለጓደኛዬ ነው። ሽንኩርት አርሮበት የድስቱ ቂጥ ከሰል የመሰለ እንደሆነ በምን ይለቃል? ደግሞ ሩዝ ላይ ጨው የሚደረገው ከውኃው ጋር ነው ወይስ ከበሰለ በኋላ? መልሱን ቶሎ ላኪልኝ፤ ጓደኛዬ ቸኩሏል።

አባትሽ


ኅዳር 5

አባዬ፣

ከሁሉ በፊት ለጓደኛህ፦ ድስቱ ውስጥ ውኃና ጨው ጨምሮ ያፍላው፣ ከዚያ ዘፍዝፎ ያሳድረው፤ ጠዋት ይለቅለታል። የሩዙ ጨው ከውኃው ጋር ነው የሚገባው። ግን እኔ እስከማውቀው ከጓደኞችህ መካከል ድስት የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ የለም። ማን ነው ሽንኩርት የሚያሳርረው? እማዬስ የት ሄዳ ነው?

እዚህ ደግሞ የሆነውን ስማልኝ። ከዚያ በቀጠለው ዐርብ ስለ መጥረጊያው አወራን። “ሹክሹክታ” የሚሏት ልጅ አለችኝ፤ መስኮት ሥር ነው የምትቀመጠው፣ ስትናገር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታያለህ እንጂ ድምፅ አይደርስህም። ያን ቀን ሳልጠራት ተነሣችና አንድ ነገር ተናገረች። ከኋላ ያሉት “ምን አለች?” አሉ። አጠገቧ የነበረው ጠበቃው ደገመላቸው።

“ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም ነው የምትለው።”

አብራቸው የምትማር ልጅ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከአንድ በር ማዶ ያለ ነገር ነክታ አታውቅም። ጠበቃው እንደቆመ “ታዲያ ለምን በተራ አናደርገውም? በየረድፉ፣ ወንድም ሴትም” አለ። እኔ ሐሳቡን አላመነጨሁም፤ ድምፅ ብቻ ቆጠርኩ። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፣ ግን አለፈ።

የመጀመሪያውን ቀን ብታየው ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። ውኃ ሳይረጩ ጀመሩና አቧራው እርስ በርስ እስከማይተያዩ ድረስ ቦነነ። አንዱ ከበሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ ጠርጎ ቆሻሻውን ሁሉ ሰሌዳው ሥር ከመረው። ተራቸው ያልሆነው ሴቶች በር ላይ ቆመው በሳቅ ሊሞቱ ሆነ። ጠበቃው እያስነጠሰ “ምን ትገተራላችሁ? ኮምፒውተር ክፍሉ ሊዘጋባችሁ እኮ ነው!” ሲላቸው ተያይተው ሮጡ። እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ሹክሹክታ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች።

አሁን ሌሎች ክፍሎችም ከእኛ እየቀዱ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ “ያቺ ዝምተኛ ልጅ በጥያቄ ልትገድለኝ ነው” እያለ ያማርራል፤ ሲያማርር ግን ፊቱ ይበራል።

ርዕሰ መምህሩ አንድ ሁለቴ አስጠርቶኝ ነበር። የሚያሳስብ ነገር አይደለም።

ልጅህ


ኅዳር 19

ልጄ ሆይ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። እናትሽ ቀኝ እጇን ተሰብራለች። ትምህርት ሊጀመር ሲል ነው፤ ዝናብ ያረጠበው ደረጃ ላይ አዳልጧት ወደቀች። ክንዷ እስከ አሁን ጀሶ ውስጥ ነው። ሐኪሙ በደንብ እየገጠመ ነው ብሏል፣ ሕመሙም ጋብ ብሎላታል። እንዳልጽፍልሽ ያስማለችኝ እሷ ናት፤ “ሥራዋን ስትጀምር ልቧን ለሁለት አትክፈልባት” ብላ። እኔም መሐላ ላፍርስ ወይስ ልጄን ላታልል ስል ከረምኩ። አሁን መሐላውን አፈረስኩ፤ እሷም ተኮሳትራ እያየችኝ ነው።

ጓደኛዬ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ድስቱ ለቋል፣ አመሰግናለሁ።

እናትሽ ወንበሯ ላይ ሆና ታዛለች፣ እኔ እሠራለሁ። ዘይት ሲበዛ ከማሽተት ታውቃለች፤ አፍንጫዋ እንደ ተቆጣጣሪ ነው። ባለፈው ልብስ ሳሰጣ ፍሬኑ በአጥሩ በኩል አየኝ።

“ምን ሆነህ ነው?” አለኝ።

“ልብስ እያሰጣሁ ነው።”

“ቤት ውስጥ ሴት የለችም እንዴ?”

“አለች። እጇ ተሰብሯል።”

“ታዲያ ዘመድ አትጠራም?”

“ለምን? የእኔ እጅ ደህና ነው” አልኩት።

ወደ አጥሩ ቀረብ ብሎ “ሸሚዝ በትከሻው አይሰጣም፣ መስመር ያወጣበታል፤ በጫፉ ገልብጠው” አለኝ። “አንተ ይሄን የት አወቅህ?” ስለው ፊቱን አዙሮ ሄደ። እስካሁን አልነገረኝም።

ሥራ ላይ እያለሁ ማታ ስገባ “ዛሬ ምን ዋልሽ?” እላት ነበር። አሁን እሷ ትጠይቀኛለች። መቁጠር እጀምርና መሃል ላይ ይጠፋብኛል። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ የሚታይ ነገር የለም፤ የታጠበው ሳህን እንደገና ቆሽሿል። አውቶቡስ ቢሆን ቢያንስ ከአንድ ቦታ ሌላ ቦታ ያደርሳል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። “የሚያሳስብ ነገር አይደለም” ብለሽ ጽፈሻል። እኔም “እናትሽ ደህና ናት” ብዬ ጽፌ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንሽ አውቃለሁና፣ ተራው ያንቺ ነው።

አባትሽ


ኅዳር 30

አባዬ፣

ደብዳቤህን መምህራን ክፍል ውስጥ ከፍቼው ወጥቼ ማልቀስ ነበረብኝ። ሁለታችሁንም ተቀይሜያለሁ። ከዚያ ደግሞ ሸሚዙ ጋ ስደርስ እያለቀስኩ ሳቅኩ። እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ክንዷን እንዳትነካባት።

እሺ፣ ልናገር። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ የሕንፃ ተቋራጭ ነው፤ ግማሹን አጥራችንን ያሠራልን እሱ ስለሆነ ግቢው ውስጥ ሲሄድ ሁሉም መንገድ ይለቅለታል። ልጁ እኔ ክፍል ነው። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ “ልጄን የላክሁት መጥረጊያ እንዲይዝ አይደለም። ይህቺ ሴትዮ ወንዶቹን ሴት እያደረገቻቸው ነው” አለ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጠብ ብቻ ነው የሚፈራው።

“እህቴ” አለኝ፣ “ትምህርቱን አስተምሪ፣ መጥረጊያውን ተይው።”

“መጥረጊያው እኮ ነው ትምህርቱ” አልኩት።

ማለት አልነበረብኝም ይሆናል። የዐርቡ ክፍለ ጊዜ ታግዷል፤ ተራውም ቀርቶ እንደ ቀድሞው ሆኗል። በቅርቡ የወላጆች ስብሰባ ይጠራል። ወላጆች ካልተቀበሉኝ ከመንፈቀ ዓመቱ በኋላ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እዛወራለሁ፤ የት እንደሆነ እንኳ አልተነገረኝም።

ለራሴ ብዙም አይደለም። ትናንት ግን ሹክሹክታ መጥረጊያዋን እንደያዘች አጠገቤ መጣች። ጎንበስ ብዬ ነው የሰማኋት። “መምህር፣ የጀመርኩት ሥራ ነበር እኮ” አለችኝ። ባልደረቦቼ “ስብሰባው ላይ ዝም በዪ፣ ጊዜ ያልፋል” ይሉኛል። ሐሳባቸው ክፉ አይደለም። ዝም ብል ቢያንስ እዚሁ እቆያለሁ። ምን ትለኛለህ?

ልጅህ


ታኅሣሥ 6

ልጄ፣

ፖስታ ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ልድረስ ብዬ ነው፣ አጭር ነው።

ማርሽ ቀንሺ ያልኩሽን አንሺው። እናትሽ የተናገረችውን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፦ “ያቺን ልጅ መጥረጊያ አስይዛ ዝም ብላ ከመጣች በሩን አልከፍትላትም።” በግራ እጇ ጠረጴዛውን እየመታች ነው።

እኔ ደግሞ የምልሽ፣ ሥራሽን ብትነጠቂም ቤትሽ እዚህ አለ። ሩዝ ላይ በርትቻለሁ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 16

አባዬ! እማዬ!

አለፈ። በችኮላ ስለምጽፍ ፊደሉን ታገሡኝ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ወላጆች መስኮት ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ከደህናው ጀመረ፦ “በዘንድሮው የፈተና ፕሮግራም ሁለት ፈተና በአንድ ቀን አልተደራረበም” ብሎ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት አመለከተ። ተጨበጨበ። ከዚያ ተቋራጩ ተነሣ። መናገር ያውቅበታል። ስለ ሥነ ሥርዓት፣ ስለ አስተዳደግ፣ ወንድ ልጅ ነገ ቤተሰብ ስለሚመራ ተናገረ። ብዙ ጭንቅላት ሲነቀነቅ አየሁ።

ተራዬ ሲደርስ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከአእምሮዬ ወጣ። “እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅኳቸው” አልኩ። “ከደወሉ በኋላ ምን ትሠራላችሁ አልኳቸው። ሴቶቹ ጥናታቸው የሚያልፍባቸው ወለል እየጠረጉ መሆኑን ያዩት ራሳቸው ናቸው። ያስተካከሉትም ራሳቸው ናቸው። እኔ ይህን ማየት እንዲችሉ ነው የማስተምራቸው። ነገም ቦታ ካገኘሁ አስተምራለሁ።” ተቀመጥኩ።

ተቋራጩ “ልጄ ማታ ደክሞት ነበር የሚመጣው” አለ።

ያኔ ከኋላ አንዲት ሴት ተነሣች። ሚስቱ ናት።

“ደክሞትስ? ተራው በነበረ ጊዜ እንደዚያ ደክሞት መጥቶ የበላበትን ሳህን አጠበ። የእህቱንም አጠበ። እኔ አላዘዝኩትም። ምን ጎደለበት?”

“አንቺ ደግሞ እዚህ…” ሲል፣

“ወላጅ ነው የተጠራው አይደል? እኔም ወላጅ ነኝ” አለችና አልተቀመጠችም።

ሴቶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ቀጥሎ ወንዶቹ። ርዕሰ መምህሩ ላቡን እየጠረገ “ተማሪዎችም ይናገሩ” አለ። ጠበቃው ይነሣል ብዬ ስጠብቅ ሹክሹክታ ስትመጣ አየኋት። ማይክሮፎኑን ወደ አፏ ቢያስጠጉላትም መጀመሪያ ትንፋሿ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ ድምፅ መጣ።

“ኮምፒውተር ክፍል የገባሁት ጥቂት ሳምንት ነው። ያንን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ።”

አዳራሹ በሙሉ ወደ ግድግዳው ዞረ። ርዕሰ መምህሩ የኮምፒውተር ክፍሉን ኃላፊ አየው፤ ኃላፊው “እሷ ናት” ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

“የሁሉንም ክፍል የትምህርት ፕሮግራምም ጀምሬ ነበር” አለች። “ከዚያ ልጠርግ ተመለስኩ።”

አባዬ፣ ከዚህ በላይ ማንም ምን ይጨምራል? ጠበቃው ግን ጠበቃ ነውና ጨመረ። “ሁላችንም ከጠረግን ቶሎ ያልቃል። ሁላችንም ኮምፒውተር ክፍል እንደርሳለን። የሚከስር ካለ እጁን ያውጣ።” ያወጣ የለም። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ “ተራው ይቀጥል የምትሉ?” ሲል እጅ እንደ ደን ቆመ። የተቋራጩ ሚስት ዞር ብላ ባሏን አየችው። እጁን እስከ ጆሮው ድረስ ብቻ አነሣ። ድምፅ ቆጣሪው ግን ቆጠረው።

አልታገድኩም፣ አልተዛወርኩም። ተራው ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ሆነ፤ የዐርቡ ክፍለ ጊዜ በሁሉም ክፍል ይሰጣል፣ አስተባባሪዋም እኔ ነኝ። ርዕሰ መምህሩ በመጨረሻ ጠርቶኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ስንት መጥረጊያ እናስገዛ?”

ስወጣ የተቋራጩ ሚስት እጄን ይዛ “ዐርብ ዐርብ ወላጅ መግባት ይችላል?” አለችኝ። ይችላል አልኳት። ትናንት፣ ዐርብ፣ አሥር የሚሆኑ እናቶችና ሁለት አባቶች ኋላ ወንበር ላይ ተደርድረው ነበር። አንዱ አባት ማስታወሻ ይዞ ሲጽፍ ነበር። ጮክ ብዬ ሳስተምር ራሴን ሰማሁት፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ልጃችሁ


ጥር 8

ለልጄ፣

ዘንድሮ ስለ እኔ አባትሽ ሲጽፍ ከረመ፤ አሁን እኔው ልጻፍ። ጀሶው ወጥቷል። ክንዴ ትንሽ ቀጥኗል፣ ፊደሉም ይንጋደዳል፣ ግን የራሴ ፊደል ነው።

ደብዳቤሽን አባትሽ አነበበልኝ፤ ቀጥሎ ዳማ ቤት ይዞት ሄደ። “እኔም ወላጅ ነኝ” የሚለው ላይ ሲደርስ ሹፌሮቹ ጠረጴዛ መቱ አሉ። ፍሬኑም ሸሚዙን የተማረው ሚስቱ ወሊድ ላይ በነበረችበት ጊዜ እንደሆነ ያን ቀን አመነ። ይህን ሁሉ ዘመን ደብቆት ነው የኖረው፤ ምን ያሳፍረዋል?

ጀሶው የወጣ ቀን አባትሽ “እንግዲህ ዳንሽ” አለና ማማሰያውን አቀበለኝ። አልተቀበልኩትም። “ሰኞ፣ ረቡዕና ዐርብ ያንተ ነው” አልኩት። ትንሽ አሰበና “ዐርብን ወደ ሐሙስ አድርጊልኝ፣ ዳማ አለብኝ” አለ። ተስማማን።

ልጄ፣ የሚመጣው ሐሙስ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ብቻዬን ነው። ካገባሁ ጀምሮ ያለ አባትሽ ሩቅ መንገድ ሄጄ አላውቅም፤ አብሬሽ ልሂድ ብሎ ሻንጣ ማውረድ ጀምሮ ነበር። “መንገዱን አታውቂውም እኮ” ሲለኝ፣ “ሹፌሩ ያውቀዋል” አልኩት። ልብሴን ራሱ አጣጥፎ ሻንጣው ውስጥ ከተተልኝ። በደንብ ነው የሚያጣጥፈው።

ዐርብ ክፍልሽ እገባለሁ። እንግዳ ናት ብለሽ ኋላ እንዳታስቀምጪኝ። ወንበሬን ከፊት አድርጊልኝ፤ የምጠይቀው ብዙ አለኝ።

እናትሽ